መጨረሻ የሚቀዳው ቤት

ጌትዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። ያንተን ጤና መጠየቅ ሹፈት እንዳይሆንብኝ ዘለልኩት። የኔን ማወቅ ከፈለግክ ጉልበቴ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው። ከተለያየን እነሆ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ልነግርህ የሚያሳፍረኝ ነገር ስላለ ነው። ሆዴ ውስጥ ከማቆየው እዚሁ መጀመሪያው ላይ ልናገረውና ይውጣልኝ። ሙት ዓመትህን ያለ ድግስ አሳለፍኩት። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ተጠርቶ፣ ወንድምህ አያሌው ከወሎ ድረስ መጥቶ፣ ያበላሁት ዳቦና ቆሎ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ድግስ ስትሸከም ኖረህ፣ ያንተ ቀን ሲደርስ እንግዳህ እጁን እንኳን ሳይታጠብ ተመለሰ። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ሳትሰማ አትፍረድብኝ። መቼም አንተ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አትፈርድም ነበር፤ በዚህም ስንት ጊዜ አብግነኸኛል።

ከዚያ በፊት ግን የቤቱን ወሬ ላውራህ። ሰላም ቦሌ መሥሪያ ቤቷ አጠገብ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ወጥታለች። አንተ ብትኖር ልጄ ቤት እያላት ምን ሆና ትከራያለች ብለህ ሳምንት ትኮርፍ ነበር፤ እኔ ሁለት ቀን ብቻ አኮረፍኩና ተውኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ልብሷን ይዛ። ዘይቱኑ ዘንድሮ ከምንጊዜውም በላይ አፍርቶ ወፍ ጨረሰው። ከአስፋልቱ ወደኛ ሰፈር የሚያስገባው መንገድ እንደገና ሊሠራ ተቆፍሮ ይኸው ወራት አለፉት፤ በእንጨት ድልድይ ነው የምንሻገረው፣ ጎረቤታችን አቶ ሙላቱ እያማረሩ ሲሻገሩ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ነው የሚያያቸው። ራዲዮህን ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ። እንዳንተ ግን ጎረቤት እስኪሰማ አላስጮኸውም።

ጉድጓዱም አለ። ዋናው ወሬዬ እሱ ነው።

ይኼን ቦታ ተመርተን ሳሊተ ምሕረት ስንመጣ የነበረውን ታስታውሳለህ ወይ ብዬ ብጠይቅህ ትስቃለህ፤ ከኔ ይልቅ አንተ ነህ የምታስታውሰው። የጤፍ ገለባ ያልተነሳበት ማሳ መሃል ዘጠኝ ቤት ተበታትኖ ቆሞ፣ ቧንቧ የሚባል ነገር ገና ወሬው እንኳን አልደረሰም። ከታች ከወንዙ በአህያ የሚመጣውን ውሃ በነጠላ አጥልለን፣ አፍልተን፣ ያም ሆኖ የሰላም ሆድ አንድ ሳምንት ደህና ሆኖ አያውቅም። እኔ መቼም የቦኖ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ሾላ፣ ቦኖ ደጃፍ ነው፤ እዚያ ሕግ የሚባለው ክርን ነበር። ባልዲህን አስቀምጠህ ዞር ስትል ተራህ ተወስዶ፣ ባልዲህ ተገልብጦ ታገኘዋለህ። እናቴ ደግሞ ከወንዝ በእንስራ የቀዳች ናት፤ ሰፈራቸው ቦኖ የገባ ዕለት ቧንቧውን ስማዋለች እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ስለዚህ ጉድጓድ እንቆፍር ስትለኝ፣ ከቧንቧ ወደ ጉድጓድ ልታወርደኝ ነው ብዬ እንዴት እንደተቆጣሁ።

አንተ ግን የመጣኸው ከሌላ አገር ነው። አባትህ በአገራቸው የውሃ አባት ነበሩ። ከምንጩ የሚወጣው ቦይ ለየትኛው ማሳ በየትኛው ቀን እንደሚዞር እሳቸው በጥላ ለክተው ይቆርጣሉ፤ እሳቸው ከቆረጡ በኋላ የሚከራከር የለም። የማይከራከሩበትን ምክንያት ስትነግረኝ ገና እጮኛሞች ነበርን። የውሃ አባት ማሳው መጨረሻ ይጠጣል፣ ለዚህ ነው የሚታመነው አልከኝ። እኔ ያን ጊዜ ጥሩ ተረት ብዬ ሰማሁት እንጂ አንድ ቀን እቤቴ እንደሚገባ መች አወቅኩ።

ቦታውን ያሳዩን ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ማሳው የሳቸው የነበረ ሰውዬ። ዘጠኙንም ግቢ ዞረው አይተው፣ በበጋ ሣሩ መጨረሻ የሚደርቀው እዚህ ነው ብለው በዱላቸው መሬቱን መቱ። የመቱት የኔ ማድ ቤት ሊሠራ ችካል የተተከለበትን ነው። አንተ ችካሉን ስትነቅል ዓይንህን ከኔ ስታሸሽ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ሁሉም ቤት አንድ አንድ ሰው እያወጣ፣ ቆፋሪው ከታች እየሞላ እናንተ ከላይ በገመድ አፈር ስትጎትቱ ከረመ። ውሃው የተገኘ ቀን ቆፋሪው ከታች ሆኖ ጮኸ፤ እኛ አፈር የተናደበት መስሎን ከላይ ጮህን። ሲወጣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ እየሳቀ ነው።

ገመዱን ያሰርከው በማግስቱ ነው። ጫፉ ላይ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ በእኩል በእኩል ርቀት ቋጠሮ። አንድ ቤት፣ አንድ ቋጠሮ። ውሃው በቋጠሮ ልክ ሲወርድ ባለተራው ይበቃዋል፣ ሌላው ይቀጥላል፤ ማክሰኞና ዓርብ። ያልደረሰው ቤት በሚቀጥለው መጀመሪያ ይሆናል። አራስ ያለችበትና ሐዘን የገባበት ቤት ግን ተራ አይጠብቅም፣ ለብቻው አንድ ቋጠሮ ይሰጠዋል። የጌታቸው ቤት ግን ደረሰውም አልደረሰውም ሁልጊዜ መጨረሻ። ጉድጓዱ እግራችን ሥር እያለ፣ በበጋ ውሃው ሲሳሳ ስንቱን ማክሰኞ ያደረ ዕቃ ሳላጥብ ዋልኩ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እያልኩ እተርትብህ ነበር፤ አንተ ትስቃለህ። ቧንቧ ሲገባ ከኔ በላይ እልል ያለ አልነበረም። ጉድጓዱን በሲሚንቶ ክዳን ከድነን አረፍን አልን። ሁለት ዓመት እንኳን ሳንጠግበው ውሃ በፈረቃ ሆነ፣ ፈረቃውም ይመጣል ሲባል የሚቀር፣ ይቀራል ሲባል እኩለ ቀን ላይ ጠብ ጠብ የሚል ሆነ። ክዳኑን ከፍተህ ገመድህን አራግፈህ መልሰህ ሰቀልከው። ፓምፕ ተገዛ እንጂ ሥርዓቱ ያው የአባትህ ነው።

አንተ ስትሞት ድንኳኑ የተተከለው ግቢው ውስጥ ነው፤ ጉድጓዱ ላይ የዕድሩ ወንበር ተደረደረ። ሐዘኑ ሲያልቅ ወንበሩ ተነሳ፣ ክዳኑ ግን እንደተዘጋ ቀረ። እኔ ገመዱን ማየት አልቻልኩም። ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ፣ አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ አይዞሽ ይሉኛል፣ ይሄዳሉ። ስለ ውሃ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። በበሩ ቀዳዳ ሳይ የአህያ ጋሪ በቢጫ ጀሪካን እየተጫነ በደጄ ያልፋል፣ ለየቤቱ ይራገፋል። ጌትዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከፋኝ። እሱ ሲሞት እኔም ጉድጓዱም ተረሳን ማለት ነው አልኩ። የሚወዱት ውሃውን ነበር እንጂ እኛን አልነበረም ብዬ አለቀስኩ፤ ደግሞ ውሃውንም ካልፈለጉት ምናችንን ነበር የሚወዱት ብዬ እንደገና አለቀስኩ። ጠርቼ ግቡና ቅዱ ማለት ክብሬን የነካ መሰለኝ። ለማኝ የምሆን መሰለኝ፣ ሰውን ወደ ውሃዬ የምለምን።

እነሱ ደግሞ ለካ በየቤታቸው ተማክረዋል። ባሏ ትናንት የተቀበረ ሴትዮ ደጃፍ ባልዲ ይዞ መቆም ነውር ነው፣ እሷ ራሷ እስክትጠራን እንታገስ ተባብለዋል። ልጆች እንኳን ግቢያችን ገብተው ስለ ጉድጓዱ እንዳያነሱ ተመክረዋል። እኔ እነሱን ስጠብቅ፣ እነሱ እኔን ሲጠብቁ፣ ሁለት ወር ከምናምን ሙሉ ሰፈር ውሃ ላይ ተቀምጦ ውሃ ሲገዛ ከረመ! ይሉኝታ እንደኛ አገር የትም የለም። ያወጣው የአቶ ሙላቱ ጠባይ ነው፤ መቼም ሳያማርሩ መዋል አይሆንላቸውም። አንድ ቀን ጋሪው ደጄ ላይ ቆሞ ከባለጋሪው ጋር ሲጨቃጨቁ፣ ‹‹እትዬ ውብዓለም እንባቸው እስኪደርቅ ነው እንጂ አንተን ማን ይለምንህ ነበር!›› ሲሉ ሰማኋቸው። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። እሳቸው ደነገጡ። እኔ ሳቅኩ፤ ከሞትክ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ውሃው ሳይቀዳ ቆይቶ ሽታ አምጥቶ ስለነበር ጠቅላላ ተቀድቶ ተደፋ፣ ግድግዳው ተፋቀ፣ አዲስ እስኪያጠራቅም ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ ዘጠኙ ቤት ተሰብስቦ አዲስ የውሃ አባት ይመረጥ ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ። ሴት የውሃ አባት ትሆናለች ወይ ብዬ ብቀልድ ወይዘሮዎቹ ናቸው የተቆጡት። እምቢ ለማለት አፌን ከፍቼ፣ ገመዱን አየሁና ተውኩት። እንግዲህ ካለፈው ዓመት ፋሲካ ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ገመድህን እያወረድኩ የማነበው እኔ ነኝ። መጨረሻ የሚቀዳውም የኔ ቤት ነው። ይኼን ስትሰማ ፈገግ እንደምትል አውቃለሁ፤ በል ሳቅ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ።

ሙት ዓመትህን የያዝነው ጥር ማብቂያ ላይ ለእሑድ ነበር። ውሃው በጥር እንዴት እንደሚሳሳ ታውቃለህ። ይባስ ብሎ መንገዱ ሲቆፈር የቧንቧው መስመር ተበጥሶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈረቃውም አልነበረም። ቢሆንም ሁሉንም አስቤ ነበር። መቶ ሃምሳ ሰው ብንጠራ፣ ወጡ፣ ዕቃው፣ የእጅ ውሃው፣ አንድ ቋጠሮ ሙሉ ቢደርሰኝ ይበቃል። ዓርብ ጠዋት ገመዱን ሳወርድ በትክክል ዘጠኝ ቋጠሮ አለ። የስምንቱ ቤት ሰዎች ዛሬስ መጀመሪያ አንቺ ቅጂ፣ የኛ ይቅር ብለው ለመኑኝ። አይሆንም አልኩ። ኩራት ነው፤ አንተን የመምሰል ኩራት። ይደርሰኛል፣ ቆጥሬዋለሁ አልኳቸው።

ስምንቱ ቀድተው ሄዱ። ሰላም ፈቃድ ወስዳ መጥታ ስለነበር በርሜሎቹን አጥባ ደርድራለች። በጉ ዘይቱኑ ሥር ታስሯል። ጎማውን በርሜሉ ውስጥ አስገብቼ ፓምፑን አስነሳሁ። ያን ጊዜ ነው ከአቶ ሙላቱ ግቢ ወጥቶ በተከፈተው በሬ ፊት የሚያልፍ ሰው ያየሁት፤ ጓሯቸው ያለውን ሰርቪስ ቤት የተከራየው ግንበኛ፣ የታደለች ባል። ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዞ ወደ ጋሪው መቆሚያ ይሄዳል። ታደለችን አታውቃትም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣች ናት፣ የወላይታ ልጅ፣ ቦሌ ለሚ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ። ምነው፣ አቶ ሙላቱ አሁን ቀድተው የለም እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። ‹‹ምንም አይደለም እትዬ›› አለኝና ፈጠን ብሎ ሄደ። ወዲያው ከግንቡ ማዶ ሕፃን አለቀሰ።

የሕፃን ልቅሶ በግንብ አይታጠርም ጌትዬ። በኋላ እንደሰማሁት፣ ታደለች ዋዜማውን ሐሙስ ወልዳ፣ ዓርብ ጠዋት ከሆስፒታል ገብታለች። አቶ ሙላቱ፣ የእትዬ ውብዓለም ባል ሙት ዓመት እስኪያልፍ አራስ መኖሯን ከአፋችሁ እንዳታወጡ፣ ሕጉን ስለሚያውቁ ውሃቸውን ይሰጧችኋል ብለው አስጠንቅቀዋቸዋል። ለኔ አስበው ነው። መቼስ እኛ ሰፈር ሰው የሚጎዳህ ሁልጊዜ ላንተ አስቦ ነው።

እንግዲህ ልዋሽህ አልፈልግም። ወዲያው አልሰጠሁም። ፓምፑ እየሠራ ቆሜ አልሰማሁም ልል እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ነግረውኛል እንዴ? አልነገሩኝም። ሕጉ የሚለው አራስ መኖሯን ያወቀ ነው፣ እኔ አላየሁ፣ ሕፃን ሁሉ አራስ አለው ወይ፣ እንግዳም ይሆናል፤ እንደ ጠበቃ ተከራከርኩ። ለሁለት ልክፈለው አልኩ። ግማሹ ለመቶ ሃምሳ ሰው ምንም እንደማያደርግ፣ እሷም ጨርቁን፣ ገንፎውን፣ ገላዋን፣ የሚጠይቃትን ሰው እንዴት እንደምታደርገው አሰብኩ። በርሜሉ እስከ ወገቡ ሞላ። የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼ ፓምፑን አጠፋሁ፣ ጎማውን ነቅዬ በግንቡ ላይ ወደዚያ ወረወርኩና የአቶ ሙላቱን ሚስት ጠራኋት። ከዚያ ፓምፑን እንደገና አስነሳሁ። ቋጠሮው እስኪያልቅ ገመዱን ይዤ፣ ውሃው ሲወርድ እያየሁ ቆምኩ።

ሰላም የተናገረችኝን አልጽፍልህም። ያንተ ልጅ ናት፣ እንዲህ የሚያናግራት ፍቅር ነው። የአባዬ ቀን አንድ ጊዜ ነው፣ አራስ ሁልጊዜ አለ አለች፤ እውነቷን ነው። ቅዳሜን ሙሉ የውሃ ቦቴ ስታፈላልግ ዋለች። የሚመጣ ተገኝቶ፣ የተቆፈረውን መንገድ አይቶ ከአስፋልቱ ተመለሰ። ግማሽ በርሜሏ ለመጠጥና ለዕቃ ማለቅለቂያም አልሆነችም። ጎረቤቶች ከቀዱት ላይ እናዋጣ ቢሉኝም፣ ሁለት ሳምንት ፈረቃ ያጣ ቤት ምን ይተርፈዋል ብዬ መለስኳቸው። ማታውን ዳቦ ቤት ሄደን ዳቦ አዘዝን፣ ጎረቤቶች በየቤታቸው ቆሎ ቆሉ፣ ሰላም እያኮረፈች የታሸገ ውሃ በካርቶን አስመጣች። በጉ አልታረደም። በሙት ዓመትህ ዕድሜው የተራዘመለት ፍጡር ቢኖር እሱ ነው፤ አሁንም ዘይቱኑ ሥር አለ፣ ለፋሲካ ቀጠሮ ይዘንለታል።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ፍትሐትህ ተደረገ፣ እሱ አልጎደለብህም። ሰዉ ወደ ድንኳኑ መጣ። አያሌው አገር ቤት ለብሶት የማያውቀውን ኮት ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ዳቦው ሲዞር አየሁት፤ አንዱን ቆርሶ ያዘና ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቀ። ቆሎ መጣ። ከዚያም ጠበቀ። ከዚያ ምንም እንደማይመጣ ሲገባው ቀስ ብሎ መብላት ጀመረ። ጌትዬ፣ ከቀብርህ ቀን ቀጥሎ በሕይወቴ የከበደኝ ያ ነው፤ ወንድምህ ጭኑ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ ሲለቅም ማየት። ጠርቼ የሆነውን ነገርኩት። እሺ፣ ይሁን አለ።

ሰኞ ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። አውቶብሱ ደረጃ ላይ ቆሞ ነው የተናገረው። ‹‹አገር ቤት ወንድምህን እንዴት አስታወሱት ሲሉኝ ምን ልበል?›› አለኝ። የሆነውን በል አልኩት። አንገቱን ነቅንቆ ገባ። ምን እንዳለ እስካሁን አላውቅም። ሁለት ጊዜ ስልክ ደወልኩለት፣ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቹ አወራኝ። እንግዲህ አስከብሬህ ይሁን አሳፍሬህ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ሌሊት ሌሊት እየነቃሁ አንተን ጠየቅኩ፣ አንተ መቼም ከሞትክ ወዲህ ጆሮህን ደፍነሃል።

የካቲት አጋማሽ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ታደለች ናት፣ ልጇን በፎጣ ጠቅልላ። በነሱ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው ድግስ አይደገስም፣ ስለዚህ ያን ቀን ምን እንደሰጠኋት አላወቀችም ነበር። የአቶ ሙላቱ ሚስት ነግራት ነው የመጣችው። ደጃፉ ላይ ቆማ አለቀሰች፣ ሕፃኗም ተከትላ አለቀሰች። አስገባኋቸው። የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁም፣ ሕጉ የባሌ ነው፣ ብታመሰግኚ እሱን አልኳት። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹‹ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?›› አለችኝ።

ጌትዬ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ይኼን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያውቅሃላ። ድንኳን የሞላው ሰው በሙሉ ያውቅህ ነበር፤ አንተን አንስቶ ጥሩ ሰው ነበር ይላል፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። ይቺ ግን አንድ ቀን አይታህ የማታውቅ፣ ለሞተ ሰው ጸሎት እንኳን የማታደርግ ልጅ ናት። ጀመርኩላት። ከወሎ ስትመጣ ስለለበስከው ቁምጣ፣ ችካሌን ስለነቀልክበት ቀን፣ ስታንኮራፋ ቆመህ ሰው የምታዝ ስለመምሰልህ፣ ሰላም ስትወለድ ሆስፒታሉ ደጃፍ ራስህን ስለመሳትህ። ይኼን ይኼን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ሕፃኗ ተኝታ ነቃች፣ ጠባች፣ እንደገና ተኛች፤ እኔ አላቆምኩም። ስትስቅ እስቃለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው ታደለች የተነሳችው። እሷን ሸኝቼ ስመለስ ገባኝ፤ ሙት ዓመትህ ያን ቀን ነው የወጣው። እንግዳው አንድ ነበር፣ ድግሱም አንተ ነበርክ።

ለሷ ካወራሁላት ውስጥ ላንተም ልነግርህ የሚገባ አንድ ነገር አለ። በሕይወት የነበርክበት የመጨረሻው ማክሰኞ፣ ውሃው ሰባተኛው ቤት ላይ አልቆ ባዶ ጎማ እየጠቀለልክ ስትመጣ፣ ምን አልኩህ? ከኔ ይልቅ ጎረቤቶችህን ባገባህ ይሻልህ ነበር አልኩህ። በቀልድ አልነበረም፣ መርሮኝ ነው። አንተ ሳቅክ፣ ሐሙስ ሞትክ። ያን ቃል እንደ ድንጋይ ተሸክሜው ነው የከረምኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚመስለኝ፣ ላንተ መስጠት ቀላል እንደሆነ ነበር። አንተ እንዲያ ተፈጥረሃል፣ ሳይቆጭህ ትሰጣለህ፣ የሚጎድልብን እኔና ሰላም ብቻ ነን እል ነበር። ያን ዓርብ ገመዱን ይዤ ስቆም ግን፣ ውሃው ወደ ሌላ ሰው ግቢ ሲሄድ ሆዴ እንዴት እንደተቆረጠ ሳየው፣ ያንተ ሆድ ከሥጋ አልተሠራም ነበር እንዴ አልኩ። ለካ ሁልጊዜ ይቆጭህ ነበር። ማክሰኞም ዓርብም። ሚስትህ ዕቃ ሳታጥብ መዋሏ፣ ልጅህ ለገላዋ ስትነጫነጭ መስማትህ ያምህ ነበር፤ ሳቁ እንድናይብህ ያልፈለግከው ነገር መሸፈኛ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ ይኼን ያወቅኩት ከሞትክ በኋላ ነው። ምን ያህል ብቻህን ቆመህ ኖረሃል የኔ ጌታ!

ሰላም ታርቃኛለች። ባለፈው ዓርብ ሳልጠራት መጥታ ገመዱን እንዴት እንደሚነበብ ጠየቀችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ቃሌ ይኸውልህ። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ቢሟላ እደግስልሃለሁ፣ ባይሟላ ዳቦ እቆርስልሃለሁ። ከዚያ በላይ ግን የማያውቅህን ሰው እፈልግልሃለሁ። አዲስ ተከራይ፣ አዲስ ሙሽራ፣ መንገድ የሚቆፍር የቀን ሠራተኛ፣ ማንም ይሁን፣ አስቀምጬ ጌታቸው የሚባል ሰው ነበር ብዬ እጀምርለታለሁ። እኔ እስካለሁ ሰፈሩ ውስጥ አንተን የማያውቅ ሰው አይኖርም። ያን የማክሰኞውን ቃል ግን ለማንም ሳይሆን ላንተ ነው የምመልሰው። ጎረቤቶችህን ባለማግባትህ ደስ ብሎኛል። እኔን አግብተህ፣ እኔን ከጎረቤቶቼ ሁሉ መጨረሻ አስቀምጠህ ስለኖርክ ደስ ብሎኛል። ሲቆጭህ ሳላውቅልህ ቀርቼ ብቻህን ላሳቅኩህ ሳቅ ሁሉ ይቅር በለኝ።

ያንተዋ
ውብዓለም